ዓይንዎ ደረቅ ነው ላሉኝ ለክብርት ዶክተር ትንሳኤ

ብዕሩን የያዘው እጅ የማመልከቻ ጸሐፊው የአቶ ቢያድግልኝ ነው። መካነ ሰላም ከተማ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ፣ የከሳሽንም የተከሳሽንም ወረቀት በአንድ ብዕር ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አፉ ግን የእኔ የአሕመዲን ሙሐሲን ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም የምናገረው አፍሬ ሳይሆን እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው። እንግዲህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያማረ ቃል ካገኙ የእሱ ነው፤ የሚጎረብጥ ካገኙ የእኔ ነው። እኔ በአፌ «አንቺ» ስል እሱ በእጁ «እርስዎ» እያለ ነው የሚጽፈው። ከመጨረሻ ልጄ ለሚያንሱ ሴት እንዲህ ማጎንበስ ባይሆንልኝም፣ ለሐኪምና ለመንግሥት የሚጻፈው እንዲህ ነው ብሎ ስለማለልኝ ትቼለታለሁ።

ይድረስ ከመናኸሪያው በላይ ላለው ባለ ሰማያዊ በር የዓይን ክሊኒክ ኃላፊ፣ ለክብርት ዶክተር ትንሳኤ።

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? አፊያዎ ይብዛ፣ እጅዎ አይዛል፣ ዓይንዎን ክፉ አይንካው፣ እንደ እኔ ያለ በሽተኛም በሳምንት ከአንድ በላይ አይላክብዎ። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከዓይኔ፣ ከስሜና በአገሬ ላይ ከነበረኝ ክብር በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ መላክ እችል ነበር፤ ነገር ግን የተባልኩት ነገር አግዳሚ ላይ ሰው ተደርድሮ እየሰማ የተባለ ስለሆነ፣ መልሱም በዚያው በሰማያዊው በርዎ ላይ ተለጥፎ ሰው እንዲሰማው ይሁን ብያለሁ። ፌስቡክ ላይ እናውጣው ያለኝ ሰው ነበር፤ ያገሬ ሰው በእኔ ምክንያት ዓይኑ እንዳይደርቅ ብዬ እምቢ አልኩ። ይህን ውለታዬን መዝግቡልኝ።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ስሜ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ ዓይኔ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል እየቆረቆረኝ፣ እየቀላና እየደበዘዘብኝ ወደ እናንተ መጣሁ። በክብር ተቀበላችሁኝ። ማንበብ አልችልም ስላችሁ አላፈራችሁብኝም፤ ያንን መንሽ የመሰለ ምልክት ግድግዳ ላይ እያሳያችሁ ጣቱ ወዴት እንደዞረ ጠየቃችሁኝ። መንሽ ስይዝ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ወደላይም ወደታችም የዞረውን አንድ ሳልስት ነገርኳችሁ፤ የመጨረሻዎቹ ረድፎች ላይ ግን መንሹ ሁሉ ጭድ ሆነብኝ። ከዚያ ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዓይኔ ሽፋን ላይ አንጠለጠሉብኝ። በሕይወቴ ወረቀት ወደ ዓይኔ እንዲህ ቀርቦ አያውቅም። ትንሽ ቆይተው አወጡትና አገላብጠው አዩት፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ ለረዳትዎ ጮክ ብለው «አባባ ዓይናቸው ደረቅ ነው። በጣም ደረቅ ነው» አሉ።

ክብርት ዶክተር፣ እርስዎ ብዙ ተምረዋል፤ እኔ ግን ቋንቋውን የተማርኩት ከሰው አፍ ነው። በእኛ ዘንድ ዓይነ ደረቅ የሚባለው የጎረቤቱን በግ አርዶ በልቶ ቆዳውን መልሶ ለባለቤቱ የሚሸጥ ሰው ነው። ውጭ አግዳሚው ላይ ዐሥር ሰው ነበር። ጎረቤቴ አሳምነው ሚስቱን ሊያሳክም መጥቶ እዚያው ተቀምጧል። እኔም ተነሥቼ የማንን ወሰን ገፍቼ፣ የማንን አደራ በልቼ እንደሆነ ጠየቅሁዎ። እርስዎም ፈገግ ብለው «አይቆጡ አባባ፤ በዚህ ዘመን ብዙ ሰው ላይ አለ» አሉኝ። በዚህ ዘመን ብዙ ሰው ዓይነ ደረቅ መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ ከእነሱ ጋር መቆጠሬን ነው ያላወቅሁት። ያ አልበቃ ብሎ «ይሻልዎታል፤ ሙሉ ለሙሉ ግን ላይጠፋ ይችላል» ብለው ጨመሩልኝ። መድኃኒቱን ሳልቀበል፣ ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

በማግስቱ እንደ አገሩ ደንብ ሽማግሌ ላክሁብዎ። አሳምነውንና ሌላ አንድ ነገር አዋቂ ሰው መርጬ፣ ዶክተሯ ተሳስቻለሁ ትበል፣ ካርዴ ላይ የጻፈችውንም ትሰርዝና ይብቃ ብዬ ላክኋቸው። አክብረው አስቀመጧቸው፤ አመሰግናለሁ። የመጡበትን ከሰሙ በኋላ ያንኑ ወረቀት በዓይናቸው አንጠለጠሉባቸው። ማታ እኔ ዘንድ ሲመለሱ ሁለቱም ዓይናቸው ደረቅ ነው ተብለው፣ ሁለቱም መድኃኒት ታዝዞላቸው ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ሽምግልና አይቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ በከሳሹ በሽታ ተይዘው የተመለሱበትን ግን አላየሁም። አሳምነው እየሳቀ «አንተ ሰውዬ፣ ስድብ አይደለም እኮ! እንባ ነው የጎደለህ» አለኝ። እንባ ጎደለህ መባል ስድብ ካልሆነ፣ ስድብ የሚባለው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛው አቤቱታዬ በራሴ ላይ ነው፤ የማመልከቻ ጸሐፊው እንዲህ ያለ አቤቱታ ጽፌ አላውቅም ቢልም ይጻፍ።

መቆርቆሩ አልተወኝ ብሎ ተመልሼ ስመጣ፣ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ እንደማይ ጠየቁኝ። እኔም ጁምዓ ጁምዓ ልጄን አያለሁ አልኩዎ። ይህ እውነት ነው። ልጄ ፈርሂያ ጅዳ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች፤ ፊቷ ስልኩ ላይ ይመጣል። ኔትወርኩ እንደሚያውቁት ነው፤ አንዴ ፊቷ ይቆማል፣ አንዴ አፏ ከድምፅዋ ኋላ ይቀራል፣ አንዴ ጭራሽ ትጠፋለች። ስለዚህ እሷ ስልኩ ላይ ሳለች ዓይኔን አልጨፍንም። ብጨፍን፣ ስገልጥ አላገኛትም ብዬ እሰጋለሁ። አንድ ሰው ዓይኑን በደቂቃ ዐሥራ አምስት ጊዜ ያህል ማርገብገብ አለበት ብለው ሲነግሩኝ፣ በልቤ ዐሥራ አምስት ጊዜ ልጄን ልጣት ወይ አልኩ።

ያልነገርኩዎ የቀረውን ስድስት ቀን ነው። ስልኩን ልጄ የላከችልኝ እሷን እንዳይበት ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን አውራ ጣቴ ሳያውቅ ወደላይ ገፋ አደረገውና አንድ ሰው ግመል ሲያጥብ መጣ። ደግሜ ገፋ ሳደርገው ሁለት ፍየሎች ሲዋጉ መጡ። ማንኛዋ እንደምታሸንፍ ሳይታወቅ ተቆረጠ። እነሆ የዚያችን ፍየል መጨረሻ ፍለጋ ከዙሁር ሶላት እስከ መግሪብ ስገፋ መዋል ጀመርኩ። ከብቱ ሰው ማሳ ገብቶ ተከሰስኩ፤ እኔ ግን በስልኩ፣ አገሩን በማላውቀው ሰው ግቢ የተሠራ የውኃ ጉድጓድ ስመርቅ ነበር። ከዚያ በፊት ወጣቱን ሁሉ «ከስልካችሁ ቀና በሉ፣ ትታወራላችሁ» እያልኩ በየመንገዱ ስገሥጽ የኖርኩት እኔው ነኝ። ሚስቴ ፊርደውስ አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ቆማ «ሞቼ ብገኝ የምታውቀው ሰው ቀርጾ ሲልክልህ ነው» አለችኝ። ለእሷም ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው የማየው ብዬ መለስኩላት።

እንግዲህ ለሐኪም ዋሽቶ ከሐኪም ትክክለኛ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚባል ቢያድግልኝን ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ሦስተኛው አቤቱታስ?» አለኝ።

ሦስተኛው ስለ ምክሮችዎ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ስልኩን ከዓይንዎ አንድ ክንድ ያርቁት አሉኝ። የእኔ ክንድ ዕርፍ ሲይዝ የኖረ ክንድ ነው። ባለኝ ሁሉ ዘርግቼ ስይዘው ልጄ «አባ፣ ከተራራ ላይ ነው እንዴ የሚያናግሩኝ?» አለችኝ። አንገቴን ግን እንዳቃለለልኝ አልክድም።

ብርሃኑን እንደ ክፍሉ ብርሃን ያስተካክሉት አሉኝ። ፊርደውስ እሺ ብላ ቀነሰችው፤ ጨርሳ ቀነሰችው። ስልኩ ሞተ ብዬ ይዤው ከተማ ድረስ ወረድኩ። ስልክ ጠጋኙ አንዴ በጣቱ ገፋ አድርጎ አበራልኝና የታመመው ስልኩ ሳይሆን ባለቤቱ ነው አለኝ። ስለ ደረሰብኝ ውርደት ከልብ አመሰግናለሁ።

ቶሎ ቶሎ ዓይንዎን ያርገብግቡ አሉኝ። ለሥራ የተሰጠኝን ትእዛዝ አቅልዬ አላውቅም፤ እህል ተራ ቆሜ እንኳን ሳልረሳ አርገበገብኩ። ፊት ለፊቴ ሽምብራ የምትሸጥ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ዞር አለች፤ ቀጥላ ሻሿን አስተካከለች፤ በመጨረሻ «አይ አባቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጥቅሻ!» ብላ ተራው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች። እርስዎ በክሊኒክ ያወጡልኝን ስም እሷ በገበያ አጸደቀችው።

በየሃያ ደቂቃው ስልኩን ይተዉና፣ ቀስ ብለው ሃያ እስኪቆጥሩ ሩቅ ይመልከቱ አሉኝ። በዚህ ላይ ግን ክብርት ዶክተር፣ ትንሽ ልቆጣ ይፈቀድልኝ። ሩቅ ማየት እኔን ማስተማር አያስፈልግም። ከቤቴ ደጅ ቆሜ ገደሉን አሻግሬ፣ ከዓባይ ማዶ ያለውን ተራራ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ተራራው ላይ የማውቀው ሰው የለም። የእኔ ሩቅ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩን ትቼ ሩቅ እንዳይ ሲነግሩኝ፣ እዚያ ውስጥ ማን እንዳለ ሳይጠይቁኝ ነው። ቢሆንም አደረግሁት፤ ተራራውን አይቼ ሃያ ቆጥሬ ተመለስኩ። የዓይኔ መቆርቆር መቀነሱን ለማንም እንዳይናገሩብኝ።

አራተኛው ስለ ጠርሙሷ ነው፤ ደብዳቤውን ያጻፈችኝም እሷ ናት።

ሁለተኛ በመጣሁ ጊዜ ያቺን የአውራ ጣት ያህል ጠርሙስ ሰጥተውኝ፣ ምንድን ናት ስልዎ «ሰው ሠራሽ እንባ ናት» አሉኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ደገሙልኝ። ዶክተር፣ እኔ ታላቅ ወንድሜን ስቀብር ያላለቀስኩ ሰው ነኝ። ፈርሂያ መናኸሪያ ቆማ ሻንጣዋ መኪና ላይ ሲጫን፣ እናቷ መሬት ላይ ስትንከባለል፣ «በይ ግቢ፣ ቦታሽን ሰው ይወስደዋል» ያልኩ ሰው ነኝ። አገሩ በዚህ ያውቀኛል፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው እንባ በጠርሙስ ሰጥተው፣ በቀን አራት ጊዜ አንድ አንድ ጠብታ ብለው ሸኙኝ።

አንድ ጠብታ ለእኔ አነሰችብኝ። የብዙ ዓመት ጉድለት አለብኝ ብዬ፣ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከቤቴ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ በሁለቱም ዓይኔ ጨመቅሁት። በጉንጬ ወርዶ ጺሜን አራሰው። በግራ እጄ ስልኩን ይዣለሁ፤ ስልኩ ላይ ፈርሂያ ባለፈው ዒድ የላከችው ምስል አለ፤ ትስቃለች። በዚህ መሐል የአሳምነው ሚስት ይርገዱ ወንፊት ልትዋስ በጓሮ መጣች።

ይርገዱ አርባ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ በአርባ ዓመት ውስጥ እንባዬን አላየችም። ያየችው እንግዲህ ይህ ነው፦ አሕመዲን፣ በእጁ የልጁ ፊት፣ በጺሙ እንባ። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «ፈርሂያዬን! ፈርሂያዬን! ምን ነካብኝ!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው።

እኔ ደግሞ ይህን ሰማሁ። መርዶ ለባለቤቱ መጨረሻ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ እኔም ለስንቱ ቤት ማልጄ ሄጄ አርድቻለሁ። ከዐረብ አገር የስንቱ ልጅ ሞት በስልክ ተሰምቶ፣ አባቱ እስኪነገረው ቀኑን ሙሉ በሰው መካከል ሲስቅ እንደዋለ አይቻለሁ። ይርገዱ የሰማችው ነገር አለ፣ ጨክና ልትነግረኝ መጥታ አቅቷት ነው አልኩ። ከድንጋዩ ላይ ወደቅሁ። መውደቄን ስታይ እሷ ይባስ ጮኸች።

ግቢው ሞላ። ሴቱ ደረቱን ይደቃል፣ ወንዱ ጋቢውን አዘቅዝቆ በአጥሩ ሥር ይቀመጣል። እነሱ እኔ ሰምቼ ያለቀስኩ መስሏቸው ያስተዛዝኑኛል፤ እኔ እነሱ ሰምተው የመጡ መስሎኝ ቃል እስኪወጣቸው ፊታቸውን አያለሁ። አንድም ሰው እንዴት ሞተች አላለም። እኔም አላልኩም፤ ከጠየቅሁ ይነግሩኛል። ክብርት ዶክተር፣ ይህን ለእርስዎ ብቻ ብናገረው እመርጥ ነበር፤ ግን አንዴ ግልጽ ብለነዋል፣ ይጻፍ። አለቀስኩ። ጠርሙሷን ሳልነካ አለቀስኩ። ድንጋዩን ተደግፌ፣ የአገሩ ሰው እያየኝ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ፊርደውስ ወፍጮ ቤት ነበረች። ዱቄቷን እንዳዘለች ገባች፤ ሰውን ሁሉ ዞር ብላ አየችና ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦ «ማን ነገራችሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ ይርገዱ አየ። ይርገዱ ወደ እኔ ጠቆመች፦ «አያ አሕመዲን ናቸዋ! ሲያለቅሱ አገኘኋቸው!» ፊርደውስ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ከድንጋዩ ሥር ጠርሙሷን አንሥቼ አሳየኋት።

ከዚያ ይርገዱ «በስማም! እንባ በጠርሙስ!» አለች። ከወንዶቹ አንዱ ሳቀ። ከሴቶቹ አንዷ «ያፈሰስነውን መልሱልን እንጂ!» አለችኝ። አሳምነው ብቻ ከኪሱ የራሱን ጠርሙስ አውጥቶ፣ ለሰው ሁሉ እንዴት እንደሚጠበቅ ማስረዳት ጀመረ፤ ጫፉ ዓይን መንካት እንደሌለበት፣ አንዱ ለአንዱ ማዋስ እንደሌለበት፣ ከተከፈተ በኋላ ጊዜው ሲያልፍ እንደሚጣል። እኔ ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት ሰው የእርስዎ ረዳት ሆኖ ቀርቷል፤ ደመወዝ ይቁረጡለት።

በዚህ ጊዜ ስልኩ ጠራ። ከሰዎቹ አንዱ ጅዳ ላለች እህቱ «አሕመዲን ቤት ለቅሶ ነው» ብሎ ልኮ ኖሮ፣ ፈርሂያ በቀኗ ሳይሆን በሥራ መካከል ደወለች። ምስሉ አልመጣም፤ ድምፅዋ ብቻ መጣ። «አባ፣ ማን ነው? እማ ናት? ንገሩኝ» አለች። «ማንም አይደለም፤ የዓይን መድኃኒት ነው» አልኳት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ማቆምም አቃታት።

ጁምዓ ጁምዓ የማያት ፈርሂያ ሻሿን አስተካክላ፣ ብርሃን ያለበት ግድግዳ አጠገብ ቆማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምትስቅ ናት። ዓይኔን ሳልነቅል ስድስት ዓመት ያየሁት ያንን ሳቅ ነው። ምስሉ ሲጠፋ ግን ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆነብኝ። የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «አባ፣ እኔ እኮ ልመጣ ከፈለግሁ ሁለት ዓመቴ ነው» አለችኝ። «ወገቤን ያመኛል። ልነግርዎ ብዬ ስደውል ቤቱን ያሳዩኛል።»

እውነቷን ነው። በየጁምዓው ስልኩን አዙሬ ቤቱን አሳያታለሁ። ይሄ ጎን ቆርቆሮ ይቀረዋል፣ ይሄ በር ብረት ቢሆን ያምራል፣ ሳሎኑ ከአሳምነው ሳሎን ይሰፋል እላታለሁ። እሷም «እሺ አባ፣ ይሆናል» ትለኛለች፤ ትስቃለች። ያቺ ልጅ ወገቧን ይዛ ቆማ እሺ ስትለኝ፣ እኔ የምርመራዎ ወረቀት ደርቆ የወጣበትን ዓይን በእሷ ላይ ተክዬ፣ በር ብረት ይሁን እላለሁ። እንግዲህ ካርዴ ላይ የጻፉት እንዲሰረዝ የላክሁት ሽምግልና ይቅር። አይሰረዝ። ወረቀትዎ አልዋሸም።

ሰው ግቢውን ሞልቶ እየሰማ «ነይ» አልኳት። «ቤቱስ?» አለችኝ። «ቤቱ ቤት ነው፤ ነይ» አልኳት። ይርገዱ ከኋላዬ እልል አለች፤ ገና ደረቷን መድቃት ሳታቆም።

ፈርሂያ አሠሪዎቿን አስፈቅዳለች። ረመዳን ሳይገባ ትመጣለች፤ በደሴ በኩል መኪና ይዛ መናኸሪያው ትወርዳለች። አምስተኛውና እውነተኛው አቤቱታዬ ይህ ነው። እርስዎ ለክትትል የሰጡኝ ቀጠሮ፣ ቢያድግልኝ ካርዱን አይቶ እንደነገረኝ፣ ረመዳን ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ዓይኔን የምፈልገው ከዚያ በፊት ነው። በስድስት ዓመት የወፈረች ትሁን የከሳች፣ የቀላች ትሁን የጠቆረች፣ ስልኩ ነግሮኝ አያውቅም። ከመኪናው ስትወርድ ከሌላው ሰው ልጅ ለይቼ፣ ማንም ሳይጠቁመኝ፣ ራሴ ልለያት እፈልጋለሁ። ይህን ለማድረግ ስልኩን ለፊርደውስ አስረክቤያለሁ፤ ፍየሎቹንም እንደተዋጉ ትቻቸዋለሁ፤ ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ አንድ አንድ ብቻ፣ ይርገዱ ቤት አለመኖሯን አረጋግጬ እጨምራለሁ። ጁምዓ ስትደውል በድምፅ ብቻ እናወራለን። ከእርስዎ የምለምነው ቀጠሮዬን እንዲያቀርቡልኝና ያንን ወረቀት አንድ ጊዜ ደግመው እንዲያንጠለጥሉብኝ ነው። ወረቀቱ እንደገና ደርቆ ከወጣም፣ እባክዎን በሩን ዘግተው ይንገሩኝ።

በድጋሚ፣ ለሰጡኝ ምርመራ፣ ላወጡልኝ ስም፣ ለገበያው ጥቅሻ፣ በቁሜ ስላስለቀሱኝና ልጄን በሞት አጣኋት ብዬ በሕይወት ስላገኘኋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከበሽተኛ ስድብ፣ ከሽማግሌ ሸንጎና እንደ እኔ ካለ ውሸታም ይጠብቅዎ። አክባሪዎና ታዛዥዎ፣ በፊርማ ፋንታ የቀኝ አውራ ጣቱን ያሳረፈው፣ ያው ጣት ስልክ ከመግፋት ያረፈ መሆኑን በአላህ ስም የሚያረጋግጠው፣ አሕመዲን ሙሐሲን።

ማስታወሻ፦ በመጠበቂያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ማፍጠጥ ዓይንን እንደሚያደርቅ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሳያቋርጥ ያስተምራል፤ እኛም ተሰልፈን ዓይናችንን ሳንነቅል ተምረናል። ቁጥር የምትጠራው ልጅም ከስልኳ ቀና ሳትል ስለምትጠራ፣ እኔን ከነጺሜ ሁለት ጊዜ «ወይዘሮ» ብላኛለች። ለእሷም አንድ ጠርሙስ ይታዘዝላት።

በል ቢያድግልኝ፣ ሳታሳምር ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ስለ ልጄ ያልኩት ላይ ስትደርስ ድምፅህን ቀነስ አድርግ፤ እዚህ ችሎት የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው።